ካምፕ ተቀምጬ ሰዓቴ ለምን ከፍታ ይጨምራል?

አንድ የሰሜን ተራሮች አስጎብኚ እንዲህ ብሎ ጠይቆኛል፦ «ጨነቅ ካምፕ ላይ ጠዋት 4 ሰዓት ሰዓቴን 3,620 ሜትር ብዬ ሞላሁት። ከድንኳኑ ሳልርቅ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ 3,645 አለኝ። ቢቸግረኝ ወደ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያው) ቀየርኩት። በማግስቱ ወደ ቧሂት ስንወጣ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ የዝናብ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ሴንሰሩ ይቀየር?»

ወንድሜ፣ ገንዘብህን እንዳታወጣ። ሰዓትህ ደህና ነው።

ለአልቲሜትሩም (ከፍታ መለኪያው) ለባሮሜትሩም ያለው ሴንሰር አንድ ነው። የሚያውቀውም የአየር ግፊትን ብቻ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ወይ አንተ ወጥተሃል፣ ወይ ባለህበት አየሩ ተለውጧል። የቱ እንደሆነ እሱ አይለይም። አልቲሜትር ላይ ከቆለፍከው ለውጡን ሁሉ ከፍታ ነው ይላል። ባሮሜትር ላይ ከቆለፍከው ሁሉንም በአየሩ ያሳብባል። አንተን በየተራ ሁለቱም ገጥመውሃል።

እንደኛ ለምድር ወገብ ቀረብ ባሉ አገሮች ግፊት በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ ከፍና ዝቅ ይላል። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፣ 10 ሰዓት ገደማ ይወርዳል፣ ሌሊትም ይደግመዋል። ልዩነቱ 2 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) ቢሆን ባሕር ጠለል ላይ 16 ሜትር ገደማ ነው። ጨነቅ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ እያንዳንዷ ሄክቶፓስካል 12 ሜትር ያህል ታወጣለች። 25 ሜትርህ ይኸው።

ማስጠንቀቂያው ብዙ ሰዓቶች ላይ የሚጮኸው ግፊቱ በ3 ሰዓት ውስጥ 4 ሄክቶፓስካል ከወረደ ነው። በዚያ ከፍታ 50 ሜትር መውጣት ብቻ ይህን ያህል ያወርደዋል። ወደ ቧሂት እየወጣህ እንዴት ዝም ይበል?

ስለዚህ ስትጓዝ አልቲሜትር፣ ካምፕ ስትገባ ባሮሜትር አድርገው። ሰዓቱ ከሁለቱ አንዱን ራሱ የሚመርጥበት አውቶማቲኩ መጥፎ አይደለም፣ ግን ከእንግዳ ጋር ቀስ እያልክ ስትወጣ ሊሳሳት ይችላል። ጠዋት ከመነሳትህ በፊት የካምፑን ከፍታ ከካርታ አይተህ እንደገና ሙላለት። በጂፒኤስ ከሞላኸው ሰማዩ ገላጣ የሆነበት ቦታ ቆመህ ትንሽ ጠብቀው። ጂፒኤስ ቦታህን ከሚያውቀው ይልቅ ከፍታህን ሲናገር ይበልጥ ይስታል።

አንድ ነገር አደራ። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው መብረቅና በረዶ እዚያው ተራራው ላይ ነው የሚፈላው። ግፊቱ ሳይወርድ ሊመታህ ይችላል። ሰዓቱ ዝም ስላለ ብቻ እንግዳ ይዘህ ጫፍ ላይ እንዳትቆይ፤ ደመናው ሲጠቁር ውረድ።

ካምፕ ተቀምጠህ ቁጥሩ በደቂቃዎች ውስጥ በብዙ ሜትር የሚዘል ከሆነ ግን ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ እይ። ላብ፣ አቧራና የፀሐይ ቅባት ይደፍኗታል። መርፌ አታስገባባት፣ ሴንሰሩን ትወጋዋለህ። ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ አለቅልቀው፣ በደንብ እስኪደርቅም የሚለውን አትመን። ከዚያም ካልተስተካከለ ያኔ ወደ ጠጋኝ ውሰደው።