ለጠያቂዋ እህታችን፦ ኢንፍሉዌንዛ ልብ ላይ ሲወርድ

እህቴ፣ የደም ግፊት ያለባቸው አባትሽ ኢንፍሉዌንዛ ይዟቸው ሳምንት ሳይሞላ ሌሊት ትንፋሽ እያጠራቸው እንደሆነ፣ ሐኪም ቤትም «ብርድ ነው» ተብለው እንደተመለሱ ጽፈሻል። ባለቤቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እሱም የደም ግፊት ነበረበት።

1. ዛሬውኑ ልባቸው ይታይ። ሕመሙ ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም። የልብ ጡንቻን ሊያስቆጣ፣ የልብ ደም ሥርንም ሊዘጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የካናዳ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በላቦራቶሪ በተረጋገጠባቸው ሰዎች ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ የመታመሙ ዕድል ወደ 6 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል።

2. ኢሲጂ (የልብን ምት በኤሌክትሪክ የሚያነብ ምርመራ)፣ የትሮፖኒን የደም ምርመራ (የልብ ጡንቻ መጎዳቱን የሚያሳይ) እና የልብ አልትራሳውንድ ጠይቂ። አፍ አውጥተሽ ካልጠየቅሽ ማንም አያዝልሽም። ድሬዳዋ ውስጥ ትኩሳት ካለ የሚጠረጠረው መጀመሪያ ወባ፣ ቀጥሎ ደንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ) ነው። እሱስ ይሁን፣ ሁለቱም እዚህ አሉ። እኛ የሄድንበት የግል ክሊኒክ ግን ባለቤቴ ሁለቱም የለበትም ሲባል ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ወግቶ ግሉኮስ ሰቀለለት! ባለቤቴ ጋደም ማለት አቅቶት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይተነፍሳል፣ ግንባሩ በቀዝቃዛ ላብ ርሷል፣ ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠልቆ ምልክት አውጥቷል። ነርሷ ደግሞ «የድሬ ሙቀት ነው፣ ማን የማያልበው አለ?» ትለኛለች። ልብ ምት እንዲያነሱለት ብለምን ካርድ ክፍል ያለው ልጅ «ሐኪሟ አንቺ ነሽ?» አለኝ። አዎ፣ ለዚያች ሌሊት እኔ ነበርኩ! ግሉኮሱን አስነቅዬ፣ ከዚራ ሰፈር ወዳለ ሌላ ሐኪም ቤት በባጃጅ ይዤው ሄድኩ።

ተረኛው ሐኪም ገና ደረቱን እንዳዳመጠ «ሳንባው ውሃ ይዟል፣ ልቡ ደክሟል» አለ። ሽንት የሚያስወጣ መርፌ ወጋው፣ ኦክስጅን ሰጠው። የደከመ ልብ ላይ ፈሳሽ መጨመር ሳንባን ያጥለቀልቃል፤ ዲክሎፌናክም ሰውነት ውሃና ጨው እንዲይዝ ያደርጋል። ይህን በዚያች ሌሊት ተማርኩ።

3. ስለዚህ ሐኪም ልባቸውን ሳያይ «አቅም እንዲያገኙ» ተብሎ ግሉኮስ እንዳይሰቀልባቸው። ጎረቤት ሁሉ ይህንኑ ይመክርሻል፣ አትስሚ። የግፊት መድኃኒታቸውንም በራስሽ አታስቁሚ። የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፣ የቀድሞ ካርዳቸውንም ጨምሪ። ደረታቸውን ከያዛቸው፣ ራሳቸውን ከሳቱ ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ እስኪነጋ አትጠብቂ። ወረፋ ያዢ የሚልሽ ካለ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል አስገቢያቸው፤ ይቆጣ፣ ምንም አይደል።