ሌሊት ለመንዳት ጫት ይረዳል ወይ ላልከው ወንድማችን

ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ተሳቢ ይዘህ የጅቡቲን መስመር ገና መጀመርህ ነው፤ የቆዩት ሾፌሮች "ከአዋሽ በኋላ ካልቃምክ አትዘልቀውም" ይሉሃል፤ አንተ ደግሞ እውነታቸውን ነው ወይ ብለሃል። ለጉንፋን ስለምትውጠው ኪኒንም ጠይቀሃል። እኔ በዚያው መስመር ዓመታት ነድቼ አሁን ስምሪት ክፍል ነው የምሠራው፤ በማውቀው ልመልስልህ።

ጫት እንቅልፍ ያባርራል፣ ይህን የሚክድ የለም። ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው አእምሮን የሚያነቃቃው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚቀንስም ነው ሰው ሁሉ ትኩሱን የሚሻማው። ድካሙ ግን የትም አልሄደም። ጫት የነዳጅ ጌጁን ይሸፍንብሃል እንጂ ነዳጅ አይጨምርልህም።

ምርቃና ሲመጣ ሰውየው ራሱን ጎበዝ ያደርጋል። ፍጥነት ይጨምራል፣ ኩርባ ላይ ደርቦ ያልፋል፣ ርቀቱን ሁሉ ያሳንሰዋል። ሐሳብም ይዞት ይሄዳል፤ ከገዋኔ እስከ ሚሌ ባለው ሜዳ ስንቱ ሾፌር ፎቅ ሠርቶ፣ አከራይቶ፣ ልጅ ድሯል መሰለህ! ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፣ ልቡ ግን ጋቢና ውስጥ የለም። ግመል ሲገባበት የሚያየው ዘግይቶ ነው። ሁለተኛው መዘዝ ምርቃናው ሲወርድ ነው፤ ታፍኖ የቆየው እንቅልፍ ንጋት ላይ ተጠራቅሞ ይመጣል። ጨብሲ ብሎ ሁለት ቢራ የጨመረበት ደግሞ ለደከመ ሰውነት መጠጥ አቀበለው ማለት ነው። እንዲህ ካለው ሰው ጎን እኔ አልቀመጥም።

ሰው መሪ ላይ የሚተኛው ተንጋሎ አይደለም። ሁለት ሦስት ሰከንድ ያሸልባል፣ አንዳንዴም ዓይኑ እንደተገለጠ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ሦስት ሰከንድ ብታሸልብ ጭነቱ 50 ሜትር ያለ ሾፌር ሄደ ማለት ነው። ፍሬን ለመያዝ እንኳ አትደርስም።

ሰውነት በተፈጥሮው የሚደክምበት ሰዓትም አለው። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ዋናው ነው፤ ከቀኑ 8 እስከ 10 ደግሞ ቀለል ያለው፣ ግን የአፋር ሙቀት ሲጨመርበት እሱም ቀላል አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተህ ሳትተኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከደረስክ 17 ሰዓት ነቅተሃል። ጥናቶች እንዳሳዩት እዚህ ላይ ያለው የሰው ቅልጥፍና ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል፤ በብዙ አገር ከዚህ በላይ ጠጥቶ መንዳት ክልክል ነው። 24 ሰዓት ከሞላህ ወደ 0.10 ይጠጋል። ጠብታ ሳትቀምስ!

ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ድካምም ሆነ ምርቃና ቀድሞ የሚወስድብህ ራስህን የምትመዝንበትን አእምሮ ነው። ስለዚህ ሌሊት ላይ "እችላለሁ ወይ?" ብለህ ራስህን አትጠይቅ፣ መልሱ ሁልጊዜ "እችላለሁ" ነው። የት እንደምታድር አዋሽ ሳትደርስ፣ ገና አእምሮህ ጥሩ እያለ ወስን። ለረዳትህም ሥልጣን ስጠው፤ "ጋሼ ቁም" ካለህ ያለ ክርክር ቁም። እሱ ከውጭ ሆኖ የሚያየውን አንተ አታየውም፤ መኪናው ወደ ዳር ሲሳብ፣ ፍሬን ስታዘገይ፣ ያለፍከውን ከተማ መቼ እንዳለፍክ ስታጣው። እርግጥ ረዳቱም የሚተኛበት ጊዜ ያስፈልገዋል፣ እሱም ሲቅም አድሮ ከሆነ ምንም አይጠቅምህም።

መስኮት መክፈት፣ ዘፈን ማስጮህ፣ ፊት ላይ ውኃ መርጨት ለትንሽ ደቂቃ ነው። ግድ ከሆነብህ ሰው ያለበት ቦታ ዳር ይዘህ ቁም፣ ቡና ጠጣ፣ ወዲያው ሃያ ደቂቃ ተኛ። ቡናው መሥራት የሚጀምረው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ገደማ ስለሆነ ስትነሳ ሁለቱም ያግዙሃል። ይህም ቢሆን ማደሪያህ ድረስ ያደርስሃል እንጂ ሌሊቱን አያስነዳህም። በአውሮፓ ኅብረት የከባድ መኪና ሾፌር 4 ሰዓት ተኩል ነድቶ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ሕጉ ያስገድደዋል፤ እኛም ቢያንስ ልኩን ከዚያ መውሰድ እንችላለን።

ኪኒኑን በተመለከተ፣ ብዙ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ክሎርፊኒራሚን አለ፣ እሱ ደግሞ እንቅልፍ ያመጣል። ማታ ወስደህ ጠዋት ላይ እንኳ ሊያደነዝዝህ ይችላል። ፋርማሲ ስትሄድ "ሾፌር ነኝ" ብለህ ጀምር፤ ለአለርጂ ከሆነ እንደ ሎራታዲን ያለ እንቅልፉ የሚቀል አለ። ባለቤትህ "ታንኮራፋለህ፣ መሀል ላይ ትንፋሽህ ቁርጥ ይላል" ካለችህም ሳትስቅ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶም ደክሞት ነው የሚነሳው። ስኳር ያለበት ጓደኛ ካለህ ደግሞ ምግብ ሳይቀምስ እንዳይነሳ፣ ስኳሩ ሲወርድ ግራ የሚጋባው ሳይታወቀው ነው።

ባለንብረቱ "ቶሎ ድረስ" እያለ በስልክ እንደሚያጣድፍ አውቃለሁ። ካልተኛህ ግን ሳትጭን በፊት ተናገር። ከመነሻው የነገረኝን ሾፌር ተራውን በሌላ እተካዋለሁ፤ ሚሌ ደርሶ ለሚደውልልኝ የምልክለት ሰው የለኝም።