ጥያቄና መልስ፦ እንስሳው መድኃኒቱን ሲቃወም፣ የአንቲቦዲ መድኃኒቶች የደኅንነት ፍተሻ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ጥያቄው ክፍት ነው። ርዕሱ ለሕክምና የሚሠሩ አንቲቦዲዎች (አንቲቦዲ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመያዝ የሚያመርተው ፕሮቲን ነው) ወደ ሰው ከመድረሳቸው በፊት በእንስሳት ላይ የሚደረግላቸው የደኅንነት ፍተሻ ነው። እኔ ብዙ የምለው ያለኝ ግን እንስሳው መድኃኒቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ የራሱን አንቲቦዲ ሲያመርትበት ስለሚመጣው ጣጣ ነው። ለማሳጠር "ፀረ-መድኃኒት" እለዋለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ ከወዲሁ፦ እንስሳው መድኃኒቱን ተቃወመ ማለት ሰውም ይቃወመዋል ማለት አይደለም። ይህን ሳትይዙ ወደ ጥያቄ አትግቡ።

የዶክትሬት ተማሪ፦ ዶክተር፣ የምንፈትሸው መድኃኒት ሙሉ በሙሉ የሰው አንቲቦዲ ነው። ጦጣ ደግሞ ለሰው ቅርብ ናት። ታዲያ ለምንድን ነው ጦጣዎቹ ላይ ይህን ያህል ፀረ-መድኃኒት የሚነሳው?

መልስ፦ ቅርብ ናት እንጂ አንድ አይደለችም። የሰው አንቲቦዲ ለሳይኖሞልገስ ጦጣ የውጭ ፕሮቲን ነው። ለአይጥማ ጭራሽ ባዕድ ነው። ሰው ላይ ነገሩ በተገላቢጦሽ ታይቷል። ኮህለርና ሚልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሞኖክሎናል አንቲቦዲ፣ ማለትም ሁሉም ቅጂው አንድ ዓይነት የሆነ አንቲቦዲ፣ እንዴት እንደሚመረት አሳዩ። የመጀመሪያው መድኃኒት ሙሮሞናብ በ1986 ጸደቀ፤ ሰውነት የተተከለለትን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚሰጥ ነበር። የአይጥ አንቲቦዲ ስለሆነ የብዙ ሕመምተኞች ሰውነት ተቃወመው። ከዚያ በኋላ ሠሪዎቹ የአይጡን ድርሻ እየቀነሱ፣ የሰውን እየጨመሩ መጡ። በ2002 የጸደቀው አዳሊሙማብ ሙሉ በሙሉ የሰው ነው፤ እሱም ቢሆን በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ ፀረ-መድኃኒት ያስነሳል። ልብ በይ፦ መድኃኒቱን ለሰው ባቀረብነው ቁጥር ለእንስሳው አላቀረብነውም። ጦጣዋ ዛሬም የምታየው ባዕድ ነው።

እንግዳ፦ አንቲቦዲ መድኃኒት አደገኛ ነው አይደለም?

መልስ፦ የትኛው? ለየትኛው በሽታ? በምን መጠን? ጥያቄውን አጥብበህ ተመለስ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ የ13 ሳምንት የጦጣ ጥናት ላይ ነን። በየሳምንቱ መርፌ አለ። ከሦስተኛው መርፌ በኋላ በአንዳንዶቹ ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ቁልቁል ወረደ። ጥናቱ ከሰረ ማለት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ የቡድን አማካዩን ተወው። እያንዳንዷን እንስሳ ለብቻዋ እይ። አንዷን ውሰድ። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ መድኃኒቱ ከደሟ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ይለካል። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ እንዲያውም በፊተኛው ላይ ተደምሮ ከፍ ይላል። ሦስተኛው ላይ ግን በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ የሚለካ ነገር ይጠፋል። ቀኑን ቁጠር። ሁለት ሳምንት አለፍ ብሏል። ሰውነት አዲስ ፕሮቲን አይቶ በቂ አንቲቦዲ ለማምረት የሚፈጅበት ጊዜ ይኸው ነው። መድኃኒቱን ጠራርጎ ያወጣው ፀረ-መድኃኒቱ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። መድኃኒቱ ከደሟ ከጠፋ በኋላ ያቺ እንስሳ እየተፈተሸች አይደለም። በቀሩት ሳምንታት ጉዳት ባይታይባት ስለ መድኃኒቱ የሚነግረን የለም፤ መድኃኒቱ የለማ! ሪፖርት ላይ "ጉዳት አልታየም" ተብሎ ሲጻፍ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። በዚያ ዓረፍተ ነገር ተማምኖ ክንዱን ለመርፌ የሚሰጥ ሰው አለ።

ብዙ ጊዜ ክፉኛ የሚመታው ዝቅተኛ መጠን የሚወስደው ቡድን ነው። በከፍተኛው ቡድን መድኃኒቱ በዝቶ ፀረ-መድኃኒቱን ያሸንፈዋል። ስለዚህ ከከፍተኛው ቡድን በቂ እንስሳት መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው በደማቸው ይዘው ከዘለቁ ጥናቱ አልከሰረም።

ምርመራው ራሱም ይሸውዳል። የተለመደው መመርመሪያ የሚቆጥረው ፀረ-መድኃኒቱ ምልክት የተለጠፈባቸውን ሁለት የመድኃኒት ሞለኪውሎች ሲያገናኝ ነው። ደም ውስጥ ብዙ መድኃኒት ካለ ፀረ-መድኃኒቱ ቀድሞ በእሱ ይያዛል። ውጤቱም "የለም" ይላል፣ እያለ። ናሙናውን በአሲድ አላቅቆ መመርመር ይረዳል። በማገገሚያው ወቅት፣ መርፌው ከቆመ በኋላ፣ የሚወሰድ ናሙናም ጥሩ ነው፤ መድኃኒቱ ሲወጣ የተደበቀው ብቅ ይላል።

አይሲኤች፣ የመድኃኒት ደንቦችን የሚያስማማው ዓለም አቀፍ ጉባኤ፣ ኤስ6 በተባለው መመሪያው ላይ በ2011 የጨመረው ማሟያ ሁሉንም ናሙና የግድ መርምሩ አይልም። የመድኃኒቱ ሥራ ሲለወጥ፣ ደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ሳይታሰብ ሲዛባ ወይም የሰውነት መከላከያ ያመጣው የሚመስል ምልክት ሲታይ መርምሩ ነው የሚለው። ግን ናሙና ከሌለህ ምኑን ትመረምራለህ? ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ጀምረህ ሰብስብና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥ።

ፋርማሲስት፦ የትኛውን መመርመሪያ ማሽን ይመክሩናል?

መልስ፦ ዕቃ አላስተዋውቅም።

የፓቶሎጂ ሠልጣኝ፦ በሁለት ጦጣዎች ኩላሊት ማጣሪያ ላይ ብግነት አይተናል። በአንዷ የደም ሥር ግድግዳም ተቆጥቷል። የመድኃኒቱ መርዛማነት ነው ወይስ የፀረ-መድኃኒቱ ሥራ?

መልስ፦ ብዙ ጥሩ መድኃኒት በከንቱ የሚጣለው፣ አንዳንድ መጥፎ መድኃኒትም የሚያልፈው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ በትዕግሥት አንብቢ።

መድኃኒቱና ፀረ-መድኃኒቱ ሲቆላለፉ ኢሚዩን ኮምፕሌክስ ይፈጥራሉ። ትልልቆቹን ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ያሉ ሴሎች ቶሎ ይውጧቸዋል። የሚያስቸግሩት መካከለኞቹ ናቸው። መድኃኒቱ ከፀረ-መድኃኒቱ በመጠኑ በለጥ ሲል ይፈጠራሉ፣ ከዚያ ኩላሊት ማጣሪያና የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይከማቻሉ። ኮምፕሊመንት የተባሉትን ደም ውስጥ ያሉ የመከላከያ ፕሮቲኖች ይቀሰቅሳሉ፤ ብግነቱ ይከተላል።

ይህ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ጉዳቱ ጥቂት እንስሳት ላይ ብቻ ከሆነና ከመጠን ጋር አብሮ ካልጨመረ ጠርጥሪ። እነዚያው እንስሳት ፀረ-መድኃኒት አላቸው ወይ? መድኃኒቱ ከደማቸው ቶሎ ወጥቷል ወይ? ፕላትሌት ወርዷል ወይ? ከዚያ ወደ ስላይዱ ተመለሺ። የሰው አይጂጂ (መድኃኒቱ)፣ የጦጣ አይጂጂና አይጂኤም (የራሷ አንቲቦዲዎች)፣ ሲ3 (ከኮምፕሊመንት አንዱ) በአንድ ቦታ ላይ እንደ ጥራጥሬ ተበትነው በቀለም ከወጡልሽ ማስረጃሽ ጠንካራ ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጥቁር ክምችት ከታየ ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል።

ግን አደራ፦ ፀረ-መድኃኒት አለ ስለተባለ ብቻ በእሱ አታሳብቢ። ፀረ-መድኃኒት ኖሯቸው ኩላሊታቸው ንጹሕ የሆነ ጦጣዎች ሞልተዋል። ሌላም አለ፤ መድኃኒቱ የሚይዘው ዒላማ ኩላሊት ወይም ደም ሥር ላይ የሚገኝ ከሆነ ጉዳቱ የመድኃኒቱ የራሱ ሥራ ሊሆን ይችላል። ያን ሳታጣሪ "ለሰው አያሰጋም" ብለሽ እንዳትፈርሚ።

አዲስ አባል፦ ጦጣዎቹ ፀረ-መድኃኒት ካመረቱ ሰው ላይም ይመጣል ማለት ነው አይደል?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ጽፌዋለሁ። አይደለም። ተቃራኒውም አይሠራም፤ እንስሳው ዝም ስላለ ሰው ዝም ይላል አይባልም። ቦኮሲዙማብን ተመልከት። ኮሌስትሮል ለመቀነስ የተሠራ፣ አብዛኛው ክፍሉ የሰው የሆነ አንቲቦዲ ነው። ከወሰዱት ሰዎች ግማሽ በሚጠጉት፣ በ48 በመቶው፣ ፀረ-መድኃኒት ተገኘ። መድኃኒቱም በአንዳንዶቹ ላይ እየደከመ ሄደ። በ2016 ሥራው ተቋረጠ። ይህ የታወቀው ከሰው ነው።

ለውጥ ፈላጊ፦ ይቅርታ ግን እኔ የማይገባኝ አለ። በ2006 ለንደን ኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ውስጥ ቲጂኤን1412 የተባለ የሙከራ አንቲቦዲ የተሰጣቸው 6 ጤነኛ ሰዎች በሰዓታት ውስጥ ለሞት ተቃርበዋል። ጦጣዎቹ 50 ሚሊግራም በኪሎ ተወግተው ምንም አልሆኑም። ሰዎቹ የወሰዱት 0.1 ነበር፣ 500 እጥፍ ያነሰ። እንስሳ ላይ መፈተሽ ከንቱ ነው ለማለት ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

የክሊኒክ ሰው፦ እንስሳው ምን አጠፋ? ጥፋቱ የአሰጣጡ ነው። ስድስቱንም በደቂቃዎች ልዩነት ነው የወጉት። የመጀመሪያውን ሰው አንድ ቀን ቢጠብቁት ኖሮ አምስቱ ይተርፉ ነበር።

ለውጥ ፈላጊ፦ አንዱ ቢጎዳ ችግር የለውም እያልክ ነው?

የክሊኒክ ሰው፦ አላልኩም። አፌ ላይ ቃል አታስቀምጥ።

የእንስሳት ሐኪም፦ ሁለታችሁም ስለ ጦጣዎቹ አትናገሩም። በ2020 ቻይና ወደ ውጭ መላኩን ካቆመች ወዲህ ጦጣ እንደ ልብ አይገኝም። ያሉትን እንኳ መልስ ለማይሰጥ ጥናት እናውላቸዋለን።

የክሊኒክ ሰው፦ አማራጩ ሰው ላይ በጭፍን መሞከር ከሆነስ?

መልስ፦ ይብቃ። ሦስታችሁም የየራሳችሁ እውነት አላችሁ፣ ግን ጥያቄው እየሸሸ ነው። በመጀመሪያ ያ አደጋ የፀረ-መድኃኒት ጉዳይ አይደለም። ፀረ-መድኃኒት ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ እነዚያ ሰዎች የታመሙት በመጀመሪያው መርፌ፣ በሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የሳይቶካይን ማዕበል ነበር፤ የመከላከያ ሴሎች የመልእክት ፕሮቲኖቻቸውን በአንዴ ሲያጎርፉ የሚመጣው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ጥናት ሲያነብም ያምታታል። እንስሳ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ቢወድቅ የመድኃኒቱን ሥራ ጠርጥሩ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው መርፌ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ቢያስመልሳትና ብትዝለፈለፍ ፀረ-መድኃኒትን ጠርጥሩ።

ጦጣዎቹ ለምን ዝም አሉ? መድኃኒቱ ቲ ሴል በተባሉት የመከላከያ ሴሎች ላይ ያለውን ሲዲ28 የተባለ መቀስቀሻ ይይዛል። የጦጣውም ሲዲ28 ላይ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ጦጣዋ "ትክክለኛ እንስሳ" ተባለች። የብሪታንያ ተመራማሪዎች በ2010 ያሳዩት ግን ሌላ ነው። በሰው ላይ ማዕበሉን የሚያስነሱት ነባር የማስታወሻ ቲ ሴሎች ሲዲ28 ይይዛሉ፤ የጦጣዎቹ እነዚያው ሴሎች የላቸውም። መጣበቁ ብቻውን በቂ አልነበረም። የሰው ደም ሴሎች ላይ በብልቃጥ ሲሞከርም ፈሳሹን ዝም ብሎ መጨመር ምንም አላሳየም። አንቲቦዲውን ብልቃጡ ወለል ላይ አድርቀው ሲለጥፉት ነው ሴሎቹ የጮኹት። ትምህርቱ ይኸ ነው፦ እንስሳም ሆነ ብልቃጥ፣ መጀመሪያ ይህን ጥያቄ የመመለስ አቅም አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

አሰጣጡን በተመለከተ የክሊኒኩ ሰው ልክ ነው። የመነሻ መጠኑም ሌላ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ መመሪያ በ2007 ከተጠናቀቀ ወዲህ እንዲህ ዓይነት መድኃኒት የሚጀመረው እንስሳ ከቻለው መጠን ተነስቶ ሳይሆን፣ ሰው ላይ ትንሽ ሥራ ይሠራል ተብሎ ከሚገመተው ዝቅተኛ መጠን ተነስቶ ነው። ያው አንቲቦዲ በኋላ ሩሲያ ውስጥ በሌላ ስም ሲሞከር ከለንደኑ 1000 እጥፍ ባነሰ መጠን ነው የተጀመረው።

ባለ ውሻ፦ ውሻዬ መገጣጠሚያዋን ያማታል። ለእኔ የታዘዘልኝን አንቲቦዲ ብወጋትስ?

መልስ፦ በፍጹም አትውጊያት። ለእሷ ባዕድ ነው። ለውሾች መገጣጠሚያ ሕመም ለውሻ ተስማምቶ የተሠራ ቤዲንቬትማብ አለ፤ ለማሳከክ ሎኪቬትማብ። ለድመት ደግሞ ፍሩኔቬትማብ። የሚሆነውን ሐኪሟ ይወስን።

የዶክትሬት ተማሪ፦ ጦጣ ካልሆነ በአይጥ አቻ አንቲቦዲ መፈተሽስ? የአይጡን ዒላማ የሚይዝ፣ ከአይጥ የተሠራ?

መልስ፦ ፀረ-መድኃኒቱ ይቀንስልሻል፣ ረጅም ጥናትም ይቻላል። ግን የፈተሽሽው ሌላ ሞለኪውል ነው። አመራረቱ፣ ጥራቱ፣ የመጣበቅ ኃይሉ ይለያያል። ዒላማው ሲታገድ ምን እንደሚከተል ትማሪበታለሽ። የራስሽ መድኃኒት ስንት ድረስ ይሰጥ የሚለውን ግን አይመልስልሽም።

ለውጥ ፈላጊ፦ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በሚያዝያ 2025 ለአንቲቦዲዎች የእንስሳ ፍተሻን ደረጃ በደረጃ እንደሚቀንስ አስታውቋል። ይደግፉታል?

መልስ፦ (ቀኑ በፈረንጅ ነው።) እደግፋለሁ። የአሜሪካ ሕግም በታኅሣሥ 2022 የእንስሳን ግዴታ አንስቷል። ፀረ-መድኃኒት በሦስተኛው ሳምንት መድኃኒቱን ጠራርጎ በሚያወጣበት እንስሳ ላይ ስድስት ወር መውጋት ለማንም አይጠቅም። በቦታው የሚተካው ግን የሰው ሴል ምርመራ ስለሆነ ብቻ አይታመን። ከላይ የጻፍኩትን የብልቃጡን ነገር አንብብ።

አዲስ አባል፦ እሺ፣ ግን ጦጣዎቹ ላይ ብዙ ፀረ-መድኃኒት ከታየ ለሰው ትንሽም ቢሆን ምልክት አይሆንም?

መልስ፦ ሦስተኛ ጊዜ እየመለስኩ ነው። አይሆንም። ይህን ጥያቄ ከዚህ በኋላ አልመልስም።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ዶክተር፣ እንዳሉት የእያንዳንዷን ሰንጠረዥ አወጣሁ። ከከፍተኛው ቡድን 10 እንስሳት 7ቱ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ይዘዋል። ከዝቅተኛው ግን 1 ብቻ ናት የቀረችው። ሪፖርቱ ላይ እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ በሰባቱ ላይ ጥናትህ ይቆማል። ጉዳት ያልታየበትን ከፍተኛ መጠን ስትወስን መነሻህ እነሱ ይሁኑ። ሦስቱን ግን አትጣላቸው። ለብቻ አስፍራቸው፤ መድኃኒቱ መቼ እንደጠፋ፣ ፀረ-መድኃኒቱ መቼ እንደታየ፣ ሰውነታቸው ላይ ምን እንደተገኘ ጻፍ። የዝቅተኛውን ቡድን "ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ለመድኃኒቱ አልተጋለጠም" በልና በግልጽ አስቀምጠው። የሰባቱን የኩላሊት ስላይድ ደግሞ በድጋሚ አስነብብ። መድኃኒቱም ፀረ-መድኃኒቱም አብረው የሚገኙት እነሱ ውስጥ ሊሆን ይችላል።