«ገና ደም ነው» ስለሚባሉት ፅንሶች

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 11 ዓመታችን ነው። ለረጅም ጊዜ ልጅ አጥተን ቆይተን በአይቪኤፍ ሕክምና (እንቁላልና ዘርን ከማኅፀን ውጭ በማገናኘት) አንድ ወንድ ልጅ ወለድን። በዚያን ጊዜ ከተገኙት ፅንሶች 3ቱ እስከ ዛሬ በቅዝቃዜ ተቀምጠዋል። ክሊኒኩ በየዓመቱ ቅጽ ይልክልናል። ይቀመጡ፣ ይወገዱ፣ ለምርምር ይሰጡ ወይስ ለሌላ ባልና ሚስት ይሰጡ ይላል። ባለቤቴ «ገና ደም ነው፣ ነፍስ አልዘራም፣ ምን ያስጨንቅሻል?» ይለኛል። እኔ ግን ቅጹ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ። እስካሁን «ይቀመጡ» እያልን እየፈረምን ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ልጅሽን ለማቀፍ አበቃሽ። ስለ ጸሎቱና ስለ ጾሙ የምታውቂውን አልደግምልሽም። በቀጥታ ባለቤትሽ ወደተናገረው ልሂድ።

«ገና ደም ነው» የሚለውን ከእሱ ብቻ አይደለም የሰማሁት። ከእናቶች ሰምቼዋለሁ። ከዲያቆናት ሰምቼዋለሁ። በሕክምና ሙያ ካሉ ምእመናንም ሰምቼዋለሁ። ክፉ አስበው አይደለም። ማስረጃ ስጡኝ ስላቸው ግን ሁልጊዜ የሚያመጡት ያንኑ ነው፤ 40 ቀንና 80 ቀን። «ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነፍስ ይዘራሉ፤ ክርስትና የሚነሡትም ለዚህ ነው» ይላሉ።

ይህ ሁለት ነገር መደባለቅ ነው። ክርስትና የምናነሣበት 40 እና 80 የሚቆጠረው ከልደት ነው፤ ከፅንስ አይደለም። መጽሐፈ ኩፋሌ እንደሚነግረን አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ወደ ገነት ገቡ። ልብ በይ፤ ገቡ ነው የሚለው፣ ሰው ሆኑ አይልም። ያው መጽሐፍ አዳም ገነት ሳይገባ ለእንስሳት ስም እንዳወጣ ይተርካል። ታዲያ በ39ኛው ቀን አዳም ምን ነበር? ሰው ነበር፤ ገና ደጅ ላይ ያለ ሰው። ከዚህ ቁጥር «ከ40 ቀን በፊት ያለው ሰው አይደለም» የሚል ትምህርት ማውጣት አይቻልም።

ባለቤትሽ ይህንንም ያስብበት። መጋቢት 29 የምናከብረው ምንድን ነው? ቃል ሥጋ የሆነው በቤተ ልሔም በተወለደ ቀን አይደለም፤ ድንግል «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» ባለች ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ፈጥና ወደ ኤልሳቤጥ ሄደች። ወንጌላዊው ሉቃስ «ፈጥና ወጣች» ነው የሚለው። ከናዝሬት እስከ ይሁዳ ተራራማ አገር የጥቂት ቀናት መንገድ ነው። ኤልሳቤጥ ሰላምታዋን ስትሰማ ምን አለች? «የጌታዬ እናት ወደ እኔ ትመጣ ዘንድ እንዴት ይሆንልኛል?» አለች። ወደፊት እናት የምትሆኚው አላለቻትም። በዚያ ሰዓት ጌታችን በማኅፀኗ የቀናት ፅንስ ነበር። ዓይን በጭንቅ የሚያየው፣ ባለቤትሽ «ደም» ከሚለው መጠን ያልራቀ። የ6 ወሩ ዮሐንስ ግን በደስታ ዘለለለት። እኛ ይህን የምናምን ሰዎች ሆነን ስለ ፅንስ ትንሽነት እንዴት አድርገን እንከራከራለን? ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ቅዱስ ባስልዮስም ይህ ክርክር በ4ኛው መቶ ዓመት ገጥሞት ነበር። በዚያም ዘመን ቅርጽ የያዘ ፅንስና ቅርጽ ያልያዘ ፅንስ እያሉ የሚለያዩ ነበሩ። እሱ በቀኖናው ፅንስን አውቆ ማጥፋት ነፍስ ማጥፋት እንደሆነ ጻፈ። ቅርጽ ይዟል አልያዘም የሚለውን ምርመራ እኛ አናደርገውም አለ። ዳዊትም «ያልተሠራ አካሌን ዓይኖችህ አዩኝ» ብሏል (መዝ. 138፥16)። ያልተሠራውን ነው ያዩት።

አሁን ስለ ሕክምናው ትንሽ ልበል፤ እዚህ ላይም ፍርሃትና ወሬ ይበዛል። ሐኪሞቹ ፅንሱን የሚያቀዘቅዙት በክፋት አይደለም። በአንድ ዙር ብዙ እንቁላል ይገኛል። የተፀነሱትን ሁሉ በአንዴ ማኅፀን ውስጥ ቢያስገቡ መንታና ሦስት መንታ ይበዛል፤ ይህም ለእናትም ለልጆችም አደጋ ነው። ስለዚህ አንድ ያስገቡና የቀሩትን ያቆያሉ። በ5ኛው ቀን አካባቢ፣ ፅንሱ ወደ 100 ገደማ ሴሎች ሲኖሩት፣ በውስጡ በረዶ እንዳይሠራ አድርገው በጣም በፍጥነት ያቀዘቅዙታል። ከዚያም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ያስቀምጡታል። በዚያ ቅዝቃዜ እድገቱ ይቆማል፤ እርጅናውም ይቆማል። ከቀዘቀዘ ፅንስ የመጀመሪያው ልጅ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1984 አውስትራሊያ ውስጥ ነው። በ2022 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በ1992 ከቀዘቀዙ ፅንሶች መንታ ልጆች ተወልደዋል። 30 ዓመት ቆይተው! ሙት ነገር እንዲህ አይሆንም።

አንቺን ግን ይበልጥ የምነግርሽ «ይቀመጡ እያልን እየፈረምን ነው» ስላልሽው ነው። ብዙ ባለትዳሮች እንዲህ ያደርጋሉ። ካልወሰንን አልበደልንም ብለው ያስባሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በብሪታንያ የሆነውን ስሚ። ሕጉ ለፅንስ ማቆያ 5 ዓመት ነበር የሚፈቅደው። ጊዜው ሲደርስ ብዙ ወላጆች ለቀረበላቸው ጥያቄ መልስ አልሰጡም። አንዳንዶቹም አልተገኙም። በዚያ ነሐሴ ከ3 ሺህ በላይ ፅንሶች ተወገዱ። እነዚያ ወላጆች «ይወገዱ» ብለው አልፈረሙም። ዝም ነው ያሉት። እኅቴ፣ ቅዝቃዜው ለፅንሶቹ ጊዜን ያቆማል፤ ለአንቺና ለባለቤትሽ ግን አያቆምም። ፅንሱ ባያረጅም አንቺ ዕድሜሽ ይገፋል፣ እርግዝናውም ይከብዳል። በየዓመቱ የምትፈርሙት ወረቀት ሳታስቡት ወደ አንድ መልስ እየወሰዳችሁ ነው።

ስለዚህ «ይወገዱ» የሚለውን አትፈርሙ። «ለምርምር ይሰጡ» የሚለውንም አትፈርሙ። ምርምሩ መጨረሻው ፅንሱን ማጥፋት ነው፤ ለሳይንስ ይጠቅማል መባሉ ነገሩን አያቀልለውም። በዚህ ላይ ለስላሳ ቃል የለኝም።

የመጀመሪያው መንገድ እናታቸው ነሽና አንቺው እንድትሸከሚያቸው ነው። አንድ በአንድ፣ ሐኪም እየተከታተለሽ። ገብቶ ሳይጸና ቢቀር ራስሽን አትክሰሺ። በተፈጥሮም ብዙ ፅንስ ሳይጸና ይቀራል፤ ያ ከአንቺ የሚጠየቅ አይደለም። ሐኪም ደግሞ «እርግዝና ለሕይወትሽ ያሰጋል» ካለሽ እግዚአብሔር ሞትሽን አይጠይቅም። አንድ እናት የሚያስፈልገው ልጅም ቤት ውስጥ አለሽ።

ያን ጊዜ የሚቀረው ለሌላ ባልና ሚስት መስጠት ነው። በዚህ ላይ መምህራን አንድ ቃል የላቸውም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሰነድ ለተተዉት ፅንሶች ጉዳይ ፍጹም ንጹሕ መውጫ እንደሌለ አምናለች፤ በብዙ ነገር ብንለያይም ይህን ስታምን እውነቷን ነው። ጋብቻ የሁለት ሰው ነውና የሌላ ሰው ዘር ወደ ትዳር እንዲገባ እኔ አላስተምርም። እዚህ ግን የተፀነሰ ሰው ማሳደጊያ አጥቶ ነው ያለው። ወላጅ አጥ ልጅን ከመቀበል ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ በሩን አልዘጋውም። ሁለት ነገር ግን እላለሁ። ገንዘብ አይግባበት። ዝምድናውም አይደበቅ፤ ልጅሽና እነዚያ ልጆች ወንድማማችና እኅትማማች ናቸውና ሳይተዋወቁ አድገው አንድ ቀን ለትዳር እንዳይተጫጩ።

ይህን መልስ የሚያነቡ፣ ሕክምናውን ገና ያልጀመሩ ባለትዳሮችም አሉ። ለእነሱ አንድ ነገር ብቻ፦ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን «ልንሸከማቸው ከምንችለው በላይ እንዳይፀነስ አድርጉልን» በሉት። የተረፈውን እንቁላል ሳይፀነስ ማቀዝቀዝ ይቻላል። እንቁላል ብቻውን ሰው አይደለም። ብዙዎች ይህን የሚሰሙት ፅንሶቹ ከተቀመጡ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ቀድሞውኑ «ይወገዱ» ብለው የፈረሙም ያነቡኛል። እናንተ ተስፋ አትቁረጡ። ያንን ጥብቅ ቃል የጻፈው ባስልዮስ እዚያው ላይ ቅጣቱን እስከ ሞት አታድርጉት፣ 10 ዓመት ይብቃ፣ ፈውሱም በዘመን ብዛት ሳይሆን በንስሐው ዓይነት ይለካ ብሏል። ሄዳችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ስለ ቅጹ ሳይሆን ስለ ልጁ ንገሯቸው።

አንቺ ደግሞ ባለቤትሽን አትከራከሪው። እሱም ያንን ሁሉ ዓመት ልጅ ሲናፍቅ የኖረ ሰው ነው፤ «ደም ነው» የሚለው ምናልባት ሐዘኑን የሚችልበት መንገድ ይሆናል። የኤልሳቤጥን ታሪክ አብራችሁ አንብቡ። ከዚያ ለሁለታችሁም ከሐኪሙ ጋር ቀጠሮ ያዢ፤ «ስንት ዓመት ድረስ ልሸከም እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። የሚነግርሽን ይዛችሁ ሁለታችሁም ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሂዱ። የዘንድሮውን ቅጽ «ይቀመጡ» ብላችሁ ፈርሙት። የሚቀጥለው ከመምጣቱ በፊት ግን የመጀመሪያውን የምትቀበሉበትን ወር ወስኑ።