ሞተሩ ቢጠፋስ? ስለ ጋይሮፕሌን የጠየቃችሁኝ

ከላይ ተሽከርካሪ ክንፍ፣ ከኋላ ፕሮፔለር ስላላት ትንሿ በራሪ ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። የተወሰኑትን ልመልስ።

ጋሼ፣ ሄሊኮፕተር አይደለችም እንዴ? (ከለገጣፎ)

አይደለችም። የሄሊኮፕተርን ክንፍ ሞተር ያዞረዋል። የጋይሮፕሌኗን ግን በረራ ላይ የሚያዞረው ነፋስ ነው፤ ፕሮፔለሩ ወደፊት መግፋት ብቻ ነው ሥራው። ትናንት ደጃችን ላይ አንድ ልጅ የወረቀት መሽከርከሪያ ስንጥር ላይ ሰክቶ ቁልቁለቱን ሲሮጥ አየሁ። ነገሩ እሱው ነው። ልጁ ሲቆም መሽከርከሪያዋም ቆመች፤ ጋይሮም አየር ላይ ቀጥ ብላ መቆም አትችልም።

ሞተሩ ከጠፋ እንደ ድንጋይ ትወርዳለች? (ከሰንዳፋ)

የለም። ስትወርድ ነፋሱ ከታች ስለሚመጣ ክንፉ መዞሩን ይቀጥላል። ተራ አውሮፕላን ፍጥነቱ በጣም ሲወርድ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል፤ ስቶል ይሉታል። ስፔናዊው ሁዋን ዴ ላ ሲዬርቫ በ1919 የሠራው አውሮፕላን በዚህ ሰበብ ቢከሰከስበት ነው በ1923 ጋይሮን ሠርቶ ለማስበረር የበቃው (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። እሱ ራሱ በ1936 የሞተው ግን በመንገደኞች አውሮፕላን አደጋ ነው። አይ ዕድል!

ርቃ ግን አትንሳፈፍም። ሞተር ከጠፋ ከ300 ሜትር ከፍታ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄድ ነው። ሴስና 172 የሚባለው ተራ ትንሽ አውሮፕላን ከ2 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። በምትኩ የጤፍ ማሳ ጫፍ ለማረፊያ ይበቃታል፤ ባሕር ዛፉንና የመብራት ሽቦውን ካለፈች።

ታዲያ ሰው ለምን ይሞትባታል? (ከሆለታ)

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ክንፉ በደንብ የሚዞረው ሸክም እስካለበት ድረስ ነው። አብራሪው መሪውን በድንገት ወደፊት ከገፋ፣ ሚኒባስ ጉብታ ዘሎ ከወንበር ብድግ እንደሚያደርገን፣ ክንፉ ሸክሙን ያጣና ዙሩ ይቀንሳል። ፕሮፔለሩ ከክብደቷ መሐል ከፍ ብሎ ከተገጠመ ደግሞ አፍንጫዋን ይደፋታል። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። መሪን ወደፊት መግፋት ሴስና ላይ ከስቶል የሚያወጣ ልማድ ነው፤ እዚህ ይገድላል። ስለዚህ እኔ የምፈራው ጀማሪውን ሳይሆን «ይቺንማ!» ብሎ ያለ አስተማሪ የሚነሳውን የአውሮፕላን አብራሪ ነው። ደህና የጅራት ማረጋጊያ የሌላትን ደግሞ በነጻ ቢሰጡኝም አልነካም።

100 የፈረስ ጉልበት እኛ ጋ ይበቃል? (ከሱሉልታ)

ቦሌ እንኳ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ እናንተ ከዚያም ከፍ ትላላችሁ። በ25 ዲግሪ ሙቀት የቦሌ አየር ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተሩም፣ ፕሮፔለሩም፣ ክንፉም የሚካፈሉት ያንኑ ስስ አየር ነው። ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በ100 ተገዝቶ በ75 ገደማ ይሠራል። ሁለት ሰው ጭኖ መነሳት ከሆነ በጠዋቱ ብርድ ይሁን።

ነፋስ ትችላለች?

ከሴስና ትሻላለች። ፍጥነት ግን አይጠብቁባት።

ገዝቼ ከማሳዬ ላስነሳት?

መጀመሪያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ። ቀጥሎ ጎረቤትዎን፤ በሬዎቹ ይደነብሩበታል።