ለእናቴ ቁስል የሚጠጣ «ናኖ ብር» ይበጃልን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። አብራኝ የምትኖረው እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ስትሆን፣ ከጥቅምት ወር ጀምሮ በግራ እግሯ ተረከዝ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ አስቸግሮናል። መጀመሪያ ያለ ሐኪም ማዘዣ አሞክሳሲሊን፣ ቀጥሎም ሲፕሮፍሎክሳሲን ከፋርማሲ ገዝተን ሰጠናት፤ ሁለቱንም ትንሽ ሻል ሲላት አቋረጠች። በኋላ ሆስፒታል ወስደናት ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ የሚገድለውን መድኃኒት መፈተሽ) ሲሠራ፣ ባክቴሪያው ከተሞከሩት መድኃኒቶች አብዛኞቹን የተላመደ መሆኑ ተነገረን። በዚህ መካከል አንዲት ጎረቤታችን በጠርሙስ የታሸገ «ናኖ ብር» የሚባል ፈሳሽ በቀን ሁለት ማንኪያ ብትጠጣ የተላመደውን ሁሉ ይገድልላታል ብለው መከሩን። ናኖቴክኖሎጂ አንቲባዮቲክን ሊተካ ነው ሲባል በሬዲዮ ሰምቼ ስለነበር ልገዛላት አስቤአለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንባቢያችሁ፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እግዚአብሔር እናትዎን ይማርልዎ። አስቸኳዩን እናስቀድምና፣ እባክዎ ያንን ፈሳሽ አያጠጧቸው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያለ ማዘዣ በመድኃኒትነት የሚሸጡ እንዲህ ያሉ የብር ፈሳሾች ደኅንነታቸውም ሆነ ፈዋሽነታቸው እንዳልተረጋገጠ እ.ኤ.አ. በ1999 ወስኗል። ለረጅም ጊዜ የተጠጣ ብር ቆዳ ውስጥ እየተከማቸ ሰውነትን ወደ ሰማያዊ ግራጫነት ይለውጣል፤ አርጂሪያ የሚባለው ይህ ለውጥ ደግሞ ፈሳሹን በማቆም ብቻ አይለቅም። ከዚህም በላይ ያሳሰበን፣ የሚጠጣ ብር አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ከአንጀት ወደ ደም በሚገባ እንዳይገቡ ሊያደርግ መቻሉ ነው። ሐኪሙ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኘውን መድኃኒት የጎረቤት ምክር ሊያከሽፈው ይችላል ማለት ነው።

በሬዲዮ የሰሙት ግን ከንቱ ወሬ አይደለም፤ እውነቱ የት ድረስ እንደሆነ ማስረዳት ይገባናል። ናኖ ሲባል የመጠን ነገር ነው፤ አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ በግምት 1 ሚሊ ሜትር ብትሆን፣ በእርሷ ርዝመት ልክ 1,000 ያህል ባክቴሪያዎች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ከእነዚያ በአንዱ ባክቴሪያ ወርድ ላይ ደግሞ 10 ናኖ ሜትር የሆኑ የብር ቅንጣቶች 100 ያህል ይደረደራሉ። ይህን ያህል ማነስ ለምን እንደሚጠቅም አሞሌ ጨው የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ ድፍኑ አሞሌ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሟሟ የተወቀጠው ግን ወዲያው ይሟሟል፤ ከውሃው ጋር የሚገናኘው ገጹ በዝቷልና። የአንገት መስቀል የሚሠራበት ብርም ሲደቅ እንደዚሁ ብዙ የብር አዮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያለው የብር አቶም፣ ይለቃል፤ አዮኑም የባክቴሪያውን ሽፋን ያውካል፣ ፕሮቲኖቹን ይይዛል፣ በውስጡ ጎጂ የኦክስጅን ውሕዶች እንዲፈጠሩ ያደርጋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ቅንጣቱ ባክቴሪያውን ፊት ለፊት ሲያገኘው ነው። በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ ባክቴሪያው እንደ ስስ ጉም ተነጥፎ፣ ቅንጣቱ በተቀመጠበት ዙሪያ ብቻ ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ ይህን ክብ በዓይኑ ያየ ሰው ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም። የተጠጣ ብር ግን መጀመሪያ ከጨጓራ አሲድና ከጨው፣ ቀጥሎም ከደም ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል፤ ተረከዝ ድረስ ባክቴሪያ ለመግደል በሚበቃ መጠን ይድረስ ቢባል የሰውየውን ሕዋሳትም ይጎዳል። የስኳር ሕመም የእግርን የደም ሥሮች በሚያጠብበት ሰው ላይ ደግሞ መንገዱ ይበልጥ የጠበበ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተመራማሪዎችም ከዕፅዋት ጭማቂ በመነሣት የብርና የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶችን ሠርተው በባክቴሪያ ላይ ሞክረዋል፤ ለእርስዎ ሰፈር ቅርብ የሆነው፣ ቂሊንጦ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የናኖቴክኖሎጂ የልሕቀት ማዕከል አለው። ሥራው ሊደገፍ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን በሳሕን ላይ የታየ ክብ መድኃኒት እስኪሆን ድረስ በእንስሳትና በሰው ላይ የሚደረጉ የዓመታት ፍተሻዎች ይጠብቁታል።

ብር በቁስል ላይ በሚታሰር ፋሻ መልክ ግን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተለይ ለቃጠሎ ቁስል ሲሠራበት ቆይቷል። ይህን አንብበው ለእናትዎ ፋሻውን እንዳይፈልጉ ደግሞ፣ የስኳር ሕመም እግርን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መመሪያ ቁስሉን ቶሎ ያድናል በሚል ብቻ የብር ፋሻ እንዳይታሰር እንደሚመክር ልንነግርዎ ይገባል።

በእኛ አስተያየት ናኖቴክኖሎጂ እስካሁን ለሕሙማን ይበልጥ የጠቀመው ገዳይ በመሆን ሳይሆን ተሸካሚ በመሆን ነው። በሁመራና በመተማ ቆላ በሚታወቀው በካላዛር የታመሙና ሕመሙ የጠናባቸው ሰዎች የሚወጉት አምቢዞም፣ ከ100 ናኖ ሜትር በሚያንስ የቅባት ከረጢት የታሸገ አምፎቴሪሲን ነው። መድኃኒቱ ሳይታሸግ ሲሰጥ በትኩሳት ያንቀጠቅጣል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል፤ ሲታሸግ ግን ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ካላዛር የባክቴሪያ በሽታ ባይሆንም ጥበቡ ያው ነው፤ በዚሁ መንገድ የታሸገና በትንፋሽ የሚሳብ አሚካሲን የተባለ አንቲባዮቲክ፣ በሌላ ሕክምና አልድን ላለ የሳንባ ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመድ በሆነ ተሕዋስ ለሚመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ልብ ይበሉ፤ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ያው የምናውቀው አንቲባዮቲክ ነው። የሚያጓጉዘው ናኖ ነው እንጂ የተተካ መድኃኒት የለም።

አሁን ወደ እናትዎ ቁስል እንመለስ። የካልቸሩን ወረቀት አውጥተው ይመልከቱት፤ የመድኃኒቶቹ ስም ተደርድሮ በየአንጻሩ «አር» (R) ወይም «ኤስ» (S) የሚል ፊደል ተጽፎ ያገኛሉ። «አር» ባክቴሪያው የተላመደው፣ «ኤስ» ደግሞ አሁንም የሚገድለው ነው። አብዛኞቹን ተላምዷል ከተባለ «ኤስ» የቀረላቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ ለእናትዎ ከየትኛውም ጠርሙስ ይልቅ እነርሱ ውድ ናቸውና፣ ወረቀቱን ይዘው ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ሐኪማቸው ይመለሱ። የመድኃኒቱን ዓይነት፣ መጠንና የቀን ብዛት ሐኪሙ ይወስን፤ ሻል ሲላቸውም ሳይጠይቁ እንዳያቋርጡ። ከዚያ ጋር የሞተውን ሥጋ በባለሙያ ማስጠረግ፣ ተረከዙ ላይ አለመቆም፣ ስኳሩን መቆጣጠርና የእግሩን የደም ዝውውር ማስመርመር የግድ ነው። ውሃ ሲጠፋ ብዬ ጀሪካን አኑሬአለሁ የሚል የሰፈርዎ ሰው ሁሉ፣ የቆየ ጀሪካን ውስጡ በጣት ሲነካ የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን እንደሚይዝ ያውቃል፤ ያ የባክቴሪያ ጎጆ ነው። በቆየ ቁስል ላይም ተመሳሳይ ሽፋን ስለሚሠራ መድኃኒቱ ብቻውን ሰርስሮ አይጨርሰውም፤ መጠረጉ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እግሩ ከጠቆረ፣ መቅላቱ ወደ ላይ ከሄደ ወይም ትኩሳት ከመጣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

ከፋርማሲ በግምት የተገዙት መድኃኒቶች ነገር በእናንተ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል።

ጥያቄ፦ አንቲባዮቲክ የሚመታው አንድ ቦታ ስለሆነ ባክቴሪያ ይላመደዋል፤ ብር ግን ብዙ ቦታ ስለሚመታ ሊላመደው አይችልም ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?
መምህር፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ይከብደዋል እንጂ አይችልም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1975 እንደተዘገበው፣ በቦስተን ከተማ በአንድ የቃጠሎ ሕክምና ክፍል የተገኘ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ የብር ናይትሬትን ከአምፒሲሊንና ከክሎራምፌኒኮል አንቲባዮቲኮች ጋር አብሮ የተላመደ ነበር። ለብር የሚያስችለው ዘረመል የተቀመጠው ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚተላለፍ ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነውና፣ ብርን በየካልሲውና በየዕቃው መቀባት እኛን ያሰጋናል።

ለመላመድ ከዚያ የሚከብደው ሳይሆን አይቀርም የምንለው ኬሚካል የሌለበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሲካዳ የሚባለው ጩኸታም ነፍሳት ክንፉ ላይ ያሉት የናኖ ምሰሶዎች፣ ያረፈባቸውን ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ሽፋን ወጥረው እንደሚቀዱት አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ይህን ገጽ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያዎች ላይ ለመቅረጽ እየተሞከረ ነው። ምሰሶው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነና የሞተው ባክቴሪያ ሬሳ ገጹን ስለሚሸፍነው፣ ተመራማሪዎቹ አሁን የሚደክሙት ገጹን ንጹሕ አድርጎ በማቆየቱ ላይ ነው።