የዩኒቨርሲቲ ዓርማ ያለበትን ልብስ ለሚቆጣጠሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ከእናንተ መካከል አንዳንዶች በዩኒቨርሲቲ የተማሪ ኮሚቴ ውስጥ ትሠራላችሁ፣ አንዳንዶች ጀማሪ የፋብሪካ ኦዲተሮች ናችሁ፣ ሌሎች ደግሞ በልብስ ኩባንያ የትእዛዝ ክፍል ተቀጥራችኋል። በሁላችሁም ፊት የሚቀርበው ሰነድ ግን አንድ ነው፦ የአቅራቢዎች የሥነ ምግባር ደንብ። አንቀጾቹ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ እምብዛም አይለያዩም። የሕፃናት ጉልበት፣ የግዳጅ ሥራና አድልዎ ክልክል ናቸው፤ ደመወዝ ከሕጋዊው ወለል አይወርድም፤ መደራጀት ይከበራል። ምክሬ ደንቡን አንዴ በጥንቃቄ አንብባችሁ ዋናውን ጊዜያችሁን ለትእዛዝ ወረቀቱ እንድትሰጡ ነው። በስፌት መስመር ላይ የምታዩት አብዛኛው በደል መነሻው ዋጋውና የመላኪያ ቀኑ የተጻፉበት ወረቀት ነውና።

በመጀመሪያ ማን ለማን እንደሚሠራ እወቁ። ዩኒቨርሲቲው የስሙና የዓርማው ባለቤት ነው። ለአንድ ኩባንያ ፈቃድ ይሰጣል፤ ኩባንያውም ከጅምላ ሽያጩ ላይ በመቶኛ ሮያልቲ (ለዓርማው መጠቀሚያ የሚከፈል ገንዘብ) ይከፍላል። ብዙ ጊዜ በመካከላቸው የፈቃድ ወኪል አለ። ፈቃድ የያዘው ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ስፌት ቤት ስለሌለው ለፋብሪካ ያዝዛል፤ ፋብሪካው ሲጨናነቅ ደግሞ ከሥሩ ላለ ሌላ ያስተላልፋል። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ውል ያለው ኩባንያው ብቻ ስለሆነ ፋብሪካው ለዩኒቨርሲቲው በቀጥታ የሚጠየቅበት መንገድ የለም። ደንቡ ጥርስ የሚያወጣው የፈቃድ ውሉ አካል ሆኖ ሲጻፍ፣ ጥሰቱም ፈቃድ እንደሚያሳጣ በግልጽ ሲሰፍር ነው። በድረ ገጽ ላይ ብቻ የተለጠፈ ደንብ ካጋጠማችሁ ሌላውን ሥራ አቆዩና መጀመሪያ እሱን ወደ ውሉ አስገቡ።

ይህ አሠራር በአሜሪካ የተጀመረው በተማሪዎች ግፊት ነው። ዱክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1998 (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፈቃድ ለሰጣቸው ኩባንያዎች ደንብ አወጣ፤ በ1999 ዱክን፣ ጆርጅታውንንና ዊስኮንሲንን ጨምሮ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች የአስተዳደር ቢሮዎች ውስጥ ገብተው በተቃውሞ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ዋናው ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ የፋብሪካዎቹ ስምና አድራሻ ይነገረን። ኩባንያዎች የንግድ ምስጢር ነው ብለው ሲከላከሉ ቆይተው ናይኪ በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ልብስ የሚሰፉለትን ፋብሪካዎች ይፋ አደረገ፤ በ2005 ደግሞ ሙሉ ዝርዝሩን አወጣ። ምስጢር ነው የተባለው ነገር ወጥቶ ንግዱ አልተጎዳም። ዛሬም አድራሻ ለመስጠት የሚያቅማማ ኩባንያ ሲያጋጥማችሁ ይህን አንሱበት።

ከዚያው ዘመን ሁለት ተቋማት ወጡ። ፌር ሌበር አሶሲዬሽን በ1999 ተመሠረተ፤ በአመራሩ ኩባንያዎችም ድምፅ አላቸው። ወርከር ራይትስ ኮንሶርቲየም በ2000 ተመሠረተ፤ በቦርዱ የዩኒቨርሲቲ ተወካዮች፣ ተማሪዎችና የሠራተኛ መብት ባለሙያዎች ሲቀመጡ ለኩባንያ ወንበር የለም። ለማንም ፋብሪካ የጥራት ምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ አቤቱታ ይመረምራል፣ ያገኘውንም ያትማል። የሁለቱን ሪፖርት ጎን ለጎን አንብቡ። ስለ አንድ ፋብሪካ የተለያየ ነገር ከጻፉ፣ ለምርመራችሁ የተሻለው መነሻ ያ ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ከፈቃድ ተቀባዩ ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ የፋብሪካውን ሙሉ ስም፣ የጎዳና አድራሻ፣ የሠራተኛ ብዛትና የሚሠራውን የምርት ዓይነት ጠይቁ። እዚህ ላይ አዲስ ሰው ሁሉ የሚስተው ነገር አለ። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ልብስ የሚሠራው በሁለት ደረጃ ነው፤ ባዶው ቲሸርት ወይም ሁዲ አንድ አገር ይሰፋል፣ ዓርማው ሌላ ቦታ ይታተማል ወይም ይጠለፋል። ዝርዝሩ ላይ የማተሚያ ቤቱ ብቻ ሰፍሮ መቶ ሰዎች ሽንጣቸው እስኪቆረጥ ጎንበስ ብለው የሰፉበት ፋብሪካ ሊቀር ይችላል። ዝርዝሩ ላይ ሠላሳ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በዓመት መቶ ሺህ ሁዲ እንዳቀረበ ካነበባችሁ፣ ያያችሁት ማተሚያ ቤት ነው። ባዶው ልብስ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ በልብሱ አንገት ላይ ያለው መለያ የተመረተበትን አገር ስለሚናገር ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩት።

ቀጥሎ ሒሳብ ነው። እያንዳንዱ ልብስ መደበኛ የስፌት ደቂቃ አለው፤ የፋብሪካ ሰዎች ኤስ ኤም ቪ ይሉታል። ለምሳሌ አንድ ሁዲ 25 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ትእዛዙ 20,000 ከሆነ ሥራው 500,000 ደቂቃ ነው። ፋብሪካው ለዚህ ትእዛዝ 100 ሰፊዎች መድቦ በ60 በመቶ ቅልጥፍና ቢሠራ (ከሥራ ሰዓቱ 60 በመቶው ብቻ ወደ ምርት ይቀየራል ማለት ነው)፣ በ48 ሰዓት ሳምንት 172,800 ውጤታማ ደቂቃ ያገኛል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ ደንቦች ትርፍ ሰዓትን ጨምሮ የሚፈቅዱትን 60 ሰዓት ሙሉ ቢጠቀም እንኳ 216,000 ደቂቃ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ይወስዳል። እንግዲህ የትእዛዝ ወረቀቱ ስፌቱ በ14 ቀን ይለቅ ካለና ፋብሪካው በሰዓቱ ካስረከበ፣ ከሦስቱ አንዱ ሆኗል፦ ሠራተኛው ከ60 ሰዓት በላይ ሠርቷል፣ የዕረፍት ቀኑ ተወስዷል፣ ወይም ሥራው እናንተ ወደማታውቁት ስፌት ቤት ሄዷል። የሰዓት መቆጣጠሪያ ወረቀቱ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ይህን ሒሳብ አይቀይረውም።

ጥፋቱ የፋብሪካው ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ገዢው የጨርቁን ቀለም ለማጽደቅ አሥር ቀን ዘግይቶ የመላኪያ ቀኑን ሳያራዝም ቀርቶ ይሆናል። አንድ ቡድን ዋንጫ በበላ ማግስት የሚመጣ አስቸኳይ ትእዛዝ ደግሞ በዚህ ንግድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ኦዲት ስታደርጉ የገዢውን የኢሜይል ልውውጥም ጠይቁ፤ ናሙናው መቼ ጸደቀ፣ ጨርቁ መቼ ገባ፣ ብዛቱ መቼ ተቀየረ? የትእዛዝ ክፍል ሠራተኞች ደግሞ ማጽደቅ በአንድ ቀን ሲዘገይ የመላኪያ ቀኑም በአንድ ቀን እንዲገፋ በውል አስገቡ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ከአሥር የሥልጠና ስላይድ ትበልጣለች።

ዋጋውንም እንዲሁ መርምሩት። የ25 ደቂቃው ሁዲ በ60 በመቶ ቅልጥፍና ሲሰፋ የሚከፈልበት ጊዜ ወደ 42 ደቂቃ ነው። የሰፊዋ ደመወዝ በሰዓት 2 ዶላር ቢሆን የስፌቱ ጉልበት ወደ 1.40 ዶላር ይሆናል። ደመወዟን በግማሽ ብታሳድጉት በአንድ ሁዲ ላይ የሚጨመረው 0.70 ዶላር ነው። መቁረጡና ማሸጉ ሲታከሉ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ግን መጠኑ ይታያችኋል። ይህ የሚሆን ነገር መሆኑ ተሞክሯል፦ ናይትስ አፓሬል የተባለ የልብስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ቪላ አልታግራሲያ ከተማ የከፈተው አልታ ግራሲያ ፋብሪካ ከአገሪቱ ሕጋዊ ዝቅተኛ ደመወዝ ሦስት እጥፍ ያህል እየከፈለ ለዩኒቨርሲቲ መደብሮች ይሰፋ ነበር። ታዲያ «አይቻልም» የሚላችሁን ሰው ቁጥሩን አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

የደመወዝ ሰነድ ስትመለከቱ አንድ ወር አይበቃም። ሦስት ወር ምረጡ፤ ሥራ የበዛበትን፣ ሥራ የቀዘቀዘበትንና የመጨረሻውን። በቁራጭ የሚከፈላት ሠራተኛ ካለች ጠቅላላ ገቢዋን ለሠራችው ሰዓት አካፍሉት፤ ከሕጋዊው ወለል ከወረደ የቁራጭ ክፍያ ሰበብ አይሆንም። ከዚያ የሰዓቱን ወረቀት ስለ ኦዲት ከማያስበው ሰነድ ጋር አስተያዩት፦ የተሰበረ መርፌ መዝገብ፣ የጥበቃ በር መዝገብ፣ የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡስ የጉዞ ወረቀት፣ የመስመሩ የዕለት ምርት ሰሌዳ። እሑድ ማንም አልሠራም በተባለበት ሳምንት እሑድ መርፌ ከተሰበረ ሁለት ዓይነት መዝገብ አለ ማለት ነው። ለጡረታና ለማኅበራዊ ዋስትና የተቆረጠውንም በደመወዝ ወረቀቱ ላይ አይታችሁ አትለፉት፤ ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝ ጠይቁና በደረሰኙ ያለውን የሰው ብዛት በመስመሩ ላይ ከተቀመጠው ጋር አስተያዩት። ተቆርጦ ያልገባ ገንዘብ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ሠራተኛ ስታነጋግሩ በአስተዳዳሪው ቢሮ አይሁን፤ በአስተዳዳሪው በተመረጠ ሰውም አይሁን። ከፋብሪካው ውጪ፣ በዕረፍት ቀን፣ ሠራተኞች በሚያምኑት ሰው አማካይነት ሲሆን ነው ወሬው የሚፈታው። «ደመወዝሽ ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ባለፈው ቅዳሜ ስንት ሰዓት ወጣሽ? እንድትቆዪ ማን ነገረሽ? መጨረሻ ስትታመሚ ምን አደረግሽ?» በሉ። አምስት ሰዎች በተመሳሳይ ቃላት፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ከመለሱ አጥንተው መጥተዋል። ስም በማስታወሻችሁ ላይ አትጻፉ፤ ሪፖርቱ ላይም የሰውየውን መስመርና የሥራ ዓይነት አንድ ላይ አትግለጹ፤ በአንድ መስመር ላይ ኪስ የምትሰፋው አንዲት ሴት ብቻ ልትሆን ትችላለች።

ከአንቀጾቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ የምትፈጅባችሁ መደራጀት ናት፤ ይገባታልም። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 እና 98 የተደነገገችው ይህች መብት ካለች ሠራተኞቹ ራሳቸው በየቀኑ ኦዲት ያደርጋሉ፤ እናንተ በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ናችሁ። በሜክሲኮ ፑዌብላ ግዛት፣ አትሊክስኮ የነበረውን ኩክዶንግን አጥኑ። ለናይኪና ለሪቦክ የዩኒቨርሲቲ ሹራብ ይሰፋ ነበር። በጥር 2001 ስለ ምግቡና ስለ ደመወዙ ያጉረመረሙ ሠራተኞች ሲባረሩ ባልደረቦቻቸው ሥራ አቆሙ። ፋብሪካው በወረቀት ማኅበር ነበረው፤ ሠራተኛው ያልመረጠው። ወርከር ራይትስ ኮንሶርቲየም መረመረ፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ገዢዎች ጫና አደረጉ፣ የተባረሩት ተመለሱ፣ በዚያው ዓመትም ሠራተኞቹ የራሳቸውን ማኅበርና የኅብረት ስምምነት አገኙ። ስለዚህ «ማኅበር አለን» ሲባል አታቁሙ። መጨረሻ ምርጫ መቼ ነበር፣ ማን ተመረጠ፣ ስምምነቱን ሠራተኛው አይቶታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ እሳት አጭር ልናገር። በመስከረም 2012 በፓኪስታን ካራቺ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሳምንታት ቀደም ብሎ ኤስ ኤ 8000 የተባለውን ዓለም አቀፍ የሥራ ሁኔታ ምስክር ወረቀት አግኝቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ለማንም በቂ መሆን አልነበረበትም። ሁሉንም የመውጫ በር በእጃችሁ ግፉ፤ ወደ ውጪ፣ ያለ ቁልፍ፣ በአንድ እጅ መከፈት አለበት። ደረጃ ላይ የተከመረ ጨርቅ፣ በመስኮት ላይ የተበየደ ፍርግርግ ካያችሁ ያንኑ ቀን ይነሳ። ሕንፃውን ግን ዓይን አይመረምረውም። በሚያዝያ 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች የሞቱት ሕንፃው ላይ ስንጥቅ ከታየ በማግስቱ ነው። ሥራው የመዋቅር መሐንዲስ ነው፤ ለእሱ ክፈሉ።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ጥሰት ሲገኝ የሚደረገው ነው። ኩባንያው የሚቀናው ትእዛዙን አንስቶ ሌላ አገር መሄድ ነው፤ ያን ጊዜ እውነቱን የተናገረችው ሠራተኛ ሥራዋን ታጣለች፣ የቀጣዩም ፋብሪካ ሠራተኞች ዝም ማለትን ይማራሉ። መጀመሪያ ማስተካከያ፣ የቀረ ደመወዝ ክፍያና የተባረሩ መመለስ በቀን ተገድቦ ይጠየቅ፤ ፈቃድ መንጠቅ ኩባንያው እምቢ ሲል የሚመዘዝ ነው። ሲመዘዝም ይሠራል። ራስል አትሌቲክ የተባለው የስፖርት ልብስ ኩባንያ ሠራተኞቹ የተደራጁበትን የሆንዱራስ ፋብሪካ በጥር 2009 ሲዘጋ ወደ 100 የሚጠጉ ዩኒቨርሲቲዎች ፈቃዳቸውን አነሱ፤ በኅዳር ኩባንያው ፋብሪካ ከፍቶ 1,200 ሠራተኞችን ለመመለስ ተስማማ።

ፋብሪካው ሳይታሰብ ሲዘጋ ደግሞ ጥያቄው የስንብት ክፍያ ነው። በኢንዶኔዥያ ለአዲዳስ ይሰፋ የነበረው ፒቲ ኪዞን ፋብሪካ በ2011 ሲዘጋ ወደ 2,700 የሚጠጉ ሠራተኞች ሕጋዊ ስንብታቸውን ሳያገኙ ቀሩ፤ ባለቤቱ ጠፍቶ ነበር። አዲዳስ የቀረውን ለመሸፈን የተስማማው ኮርኔልን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ውላቸውን ካቋረጡ በኋላ በ2013 ነው። ይህ ከመድረሱ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። 300 ሠራተኛ፣ አማካይ የአገልግሎት ዘመን 4 ዓመት፣ ሕጉም በዓመት የአንድ ወር ደመወዝ የሚል ከሆነ ፋብሪካው 1,200 የወር ደመወዝ ዕዳ አለበት። ይህ ገንዘብ በባንክ ተቀምጧል ወይስ በባለቤቱ ቃል ላይ ነው? በፈቃድ ውሉ ውስጥ ፋብሪካው መክፈል ካልቻለ ፈቃድ ተቀባዩ እንደሚከፍል የሚል አንቀጽ ከሌለ፣ በሚቀጥለው እድሳት ላይ አስገቡት። የእድሳቱን ቀን ከፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ አሁኑኑ ጠይቁ፤ ከፊርማው በኋላ ኩባንያው የሚሰማችሁ ምክንያት አይኖረውም።